ለሽያጭ የቀረበ የ1972 ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ፦ «በጥሩ ሁኔታ የተያዘ» መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

የበርሚንግሃሙ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። የቆዩ መኪናዎችን በቅርብ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምኖረው በርሚንግሃም ሲሆን፣ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ውስጥ የ1972 ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ (ጣሪያ ያለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ለሽያጭ ቀርቦ አይቻለሁ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። መኪናውን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዘውት እንደኖሩና አሁን ግን ዝቅ ያለው ወንበር ውስጥ መግባትና መውጣት ስለከበዳቸው ለመሸጥ እንደወሰኑ ነግረውኛል። የጠየቁት ዋጋ 9,500 ፓውንድ ነው።

መኪናው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ፓራውልቱ ክሮም፣ ቸርኬው ባለ ራጂ ሲሆን ማይል ቆጣሪው 78 ሺህ ገደማ ያሳያል። ማስታወቂያው «በጥሩ ሁኔታ የተያዘ» ይላል፤ በርግጥም ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሮቹ አልተቀደዱም፣ የሞተሩ ክፍል ንጹሕ ነው፣ ሞተሩም ቁልፉ እንደተጠመዘዘ ወዲያው ተነሣ። ባለቤቱ የጥገና ደረሰኞችና የድሮ የምርመራ ወረቀቶች የሞሉበት ወፍራም ፋይል አሳይተውኛል፤ በዚያ ቀን ግን ተረጋግቼ ለማንበብ ጊዜ አልነበረኝም።

ይህን መኪና የወደድሁት ከሁሉ አስቀድሞ ለቅርጹ ነው። ክፍቱ ኤም ጂ ቢ በ1962 ከወጣ በኋላ በ1965 ጣሪያ ያለው ጂ ቲ ሲከተል፣ የጣሪያውን ቅርጽ በመንደፍ የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ድርጅት ፒኒንፋሪና እጁ እንዳለበት ይታወቃል። ከፊት መስታወቱ አናት ተነሥቶ ወደ ላይ እስከሚከፈተው የኋላ በር ድረስ ሳይሰበር የሚወርደውን መስመር ሳይ፣ ለተራ ሠራተኛ ደመወዝ በሚመጥን ዋጋ ይህን የመሰለ ነገር መሥራታቸው ዛሬም ይደንቀኛል። ነገር ግን ውበቱ ዓይኔን እንዳይሸፍነው እፈራለሁ። ገንዘቡ በብዙ ድካም የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልመርምር? የክሮም ፓራውልት ያለው መሆኑስ ያን ያህል ዋጋ የሚጨምር ነው? ቅዳሜና እሑድ ልነዳው ነው የማስበው፤ ወደፊት ወደ አገር ቤት ይዤው ለመግባትም ምኞት አለኝ።

ላሜራ ሠሪው

ወንድሜ፣ እንኳን ከመክፈልዎ በፊት ጠየቁ። እኔ በዚህ በእንግሊዝ አገር በቆዩ መኪናዎች የላሜራ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ የምናገረው ስለ አካሉ ነው። የሞተሩን ጉዳይ ሌሎች ይነግሩዎታል። ሆኖም ከሁለቱ አንዱን ብቻ መመርመር ከቻሉ፣ ሞተሩን ትተው አካሉን ይመርምሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ኤም ጂ ኤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ነበረው፤ ኤም ጂ ቢ ግን ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ የተበየደው ላሜራ ነው። ከዚህም ላሜራ ውስጥ ዋናው በሁለቱ በሮች ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የበሩ ደፍ ነው። ከውጭ የሚታየው አንድ ቆርቆሮ ቢሆንም፣ ከውስጡ ሌላ ቁም ላሜራ፣ ከሥሩ ደግሞ ማዕዘን የያዘ ሦስተኛ ክፍል አለ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ተበይደው ሣጥን ይሠራሉ። ውኃና የመንገድ ጨው ገብቶ የሚቀመጠው በዚህ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ የውስጡ ብዙ ጊዜ አልቋል ማለት ነው። ደፉ የበሰበሰ ኤም ጂ ቢ ካስማው እንደተነቀለ ድንኳን መሐሉ ላይ ይረግባል።

ይህን ያለ ምንም መሣሪያ የሚያዩበት መንገድ አለ። በሩን ዘግተው በበሩ የኋላ ጠርዝና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በጣትዎ ይከተሉት፤ ስፋቱ እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅደው መኪናውን በክሪክ ከጎን በኩል ሲያነሡት ክፍተቱን እንደገና ይመልከቱ። አካሉ ጤነኛ ከሆነ ክፍተቱ አይለወጥም፣ በሩም እንደበፊቱ ይከፈታል፤ ከላይ በኩል እየጠበበ ከሄደ ወይም በሩ መንከስ ከጀመረ ግን ሰውየው የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ ቀለሙም የቱንም ያህል ቢያበራ ይተዉት።

ሁለተኛው ነገር ደፉ ተቀይሮ ከሆነ በምን ዓይነት ሥራ እንደተቀየረ ማወቅ ነው። በዕድሜው ምክንያት ያልተቀየረለት ጂ ቲ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ መቀየሩ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የፋብሪካው ደፍ ከፊተኛው ፓራፋንጎ ጀርባ ዘልቆ ይገባል፤ በትክክል ለመቀየር የፓራፋንጎውን የታችኛ ክፍል መፍታት ወይም መቁረጥ ግድ ነው። ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ የፈለገ ሰው ግን ደፉን በሚታየው ልክ ብቻ ቆርጦ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ያቆመዋል፤ ይባስ ብሎም አዲሱን ቆርቆሮ በአሮጌው ላይ ደርቦ ይበይደዋል። በገዛ እጄ የፈታኋቸው ሦስት ቆርቆሮ እርስ በርስ የተደራረበባቸውና ከውስጣቸው ግን አንድም ጤነኛ ብረት የሌለባቸው ደፎች አሉ። በተለይ ደፉ ላይ የሚለበጥ የማይዝግ ብረት ሽፋን ካለ ተጠንቀቁ፤ ለጌጥ የሚያደርጉት ቢኖሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው።

ለስላሳ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ፤ ስቱኮ በተሞላበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም። የሚሞክሩባቸው ቦታዎች የደፉ ጫፎች፣ የኋላው ጎማ ቅስት፣ ከፊት መብራቱ በላይ ያለው የፓራፋንጎ አናት፣ በፓራፋንጎውና በፊት መስታወቱ ሥር መካከል ያለው ቦታ፣ እንዲሁም የኋላው በር የታችኛ ጠርዝ ናቸው። ከሥር ገብተው ባሌስትራው የተሰቀለበትን ቦታና ከወንበሮቹ ኋላ የሚገኙትን ሁለት የባትሪ ሣጥኖች በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ የ1972 ሞዴል ባለ ስድስት ቮልት ሁለት ባትሪ የሚይዝ ነው፣ አሲዱም ሥሩን ይበላዋል። የነዳጅ ሰልቫትዮውም የሚበሳው ከላይ በኩል ነው፤ ጭቃ በሰልቫትዮውና በዕቃ መጫኛው ወለል መካከል ገብቶ ስለሚቀር ከሥር ደኅና መስሎ ከላይ ወንፊት ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ መኪና አዲስ ሙሉ አካል እንኳ ይሠራል፤ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ከ1988 ጀምሮ በፋብሪካው የጥንት መሣሪያዎች እያተመ ያወጣል። ይሁንና ባዶው አካል ብቻውን እርስዎ ከተጠየቁት ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ፣ የበሰበሰ መኪና በርካሽ ገዝቶ አካል መቀየር ለኪስ የሚመከር መንገድ አይደለም።

ባለ ጂ ቲው፣ ሊድስ

ላሜራ ሠሪው የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ይህንኑ መኪና ለብዙ ዓመታት የምነዳ ስለሆንሁ ስለ ሞተሩና ስለ አነዳዱ የማውቀውን ልጨምር።

ሞተሩ 1,798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ከብረት የተሠራና ቀላል ነው። ኮሎው (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) በአምስት ብሮንዝ (ዘንጉ የሚያርፍበት ማቀፊያ) ላይ የሚዞር በመሆኑ በአግባቡ ዘይት ከተቀየረለት ብዙ ማይል ይሄዳል፤ ቀድሞ የነበረው ባለ ሦስት ብሮንዝ ሞተር በክፍቱ መኪና ላይ ብቻ ስለቀረ ጂ ቲዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠንካራውን አግኝተዋል። መለዋወጫው ሁሉ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ አይደለም። ስለዚህ የደከመ ሞተር የዋጋ መደራደሪያ እንጂ መኪናውን የሚያስጥል ምክንያት አይሆንም።

ሲሄዱ ሞተሩ እንዳይሞቅ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሲደርሱ ሞቆ ካገኙት የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ቁልፉን ወደ መጀመሪያው ደረጃ ብቻ ሲያዞሩ ከኋላ በኩል የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፖምፓው ቶክ ቶክ ቶክ ይላል፤ ካርቡራቶሮቹ ሲሞሉ ድምፁ ይቆማል። ሞተሩ ሳይነሣ ድምፁ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ነዳጅ የሚፈስበት ወይም አየር የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን የዘይት ግፊት መለኪያ ይከታተሉ። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በመንገድ ላይ ከ50 በላይ ማሳየት አለበት፤ ቆሞ በዝግታ ሲዞር ወደ 20 ገደማ ቢወርድ ያለ ነው። በመንገድ ላይ ከ40 በታች የሚቀመጥ ከሆነ ሞተሩ የመከፈቻ ጊዜው ደርሷል። ከማርሚታው ጋዙ ተለቆ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዘይት በቫልቮላዎቹ በኩል እየወረደ ነው።

በዚህ አገር እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ2000 ጀምሮ ከማደያ ወጥቷል። ይህ ሞተር የተሠራው ለዚያ ቤንዚን ስለሆነ፣ ቴስታታው (ቫልቮላዎቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጠንካራ የቫልቮላ መቀመጫ ተገጥሞለት እንደሆነ ደረሰኙን ይፈልጉ። ካልተገጠመለትም ሲሞላ ተጨማሪ ፈሳሽ እየጨመሩ መንዳት ይቻላል፤ በዝግታ የሚነዳ ሰው ለዓመታት ችግር ላይገጥመው ይችላል።

ማርሹን በተመለከተ ከ1967 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት በአራቱም የፊት ማርሾች ያለ ጩኸት የሚገቡ ናቸው፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፈጠን ብለው ሲመልሱ ካንገጫገጨ ግን ካምቢዮው ተዳክሟል። ከሁሉ በላይ ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዱ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ፣ በማብሪያ የሚሠራ ተጨማሪ ማርሽ) እንዳለው ይጠይቁ። በዚያን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ሲሆን መደበኛ የሆነው በ1975 ነው። ያለ ኦቨርድራይቭ በአውራ ጎዳና በሰዓት 70 ማይል ሲነዱ ሞተሩ ወደ 3,900 ዙር ይጠጋል፤ ሲበራ ወደ 3,200 ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ጆሮዎ እየጮኸ በመድረስና ጨዋታ እየተጫወቱ በመድረስ መካከል ያለው ልዩነት እርሱ ነው።

የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። የፊት እግሩ የሚዞርበት ፒን በየ3,000 ማይሉ ግራሶ መጠጣት ይኖርበታል፤ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ መኪና ከቸልተኛ ሰው መኪና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የግራሶ ጡቶቹ ንጹሕና በቅርቡ የተነኩ ከሆኑ፣ ሰውየው ማንም በማያየው ቦታ ጭምር የሚጠነቀቁ ናቸው ማለት ነው። እኔ ብሆን ከቀለሙ ይልቅ ለእነዚያ ጡቶች ብዙ ግምት እሰጣለሁ። ባለ ራጂ ቸርኬ ስለሆነም እያንዳንዱን ራጂ በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ያድርጉት፤ የላላው ድምፁ ደነዝ ነው።

ስለ ፓራውልቱ ላነሡት ጥያቄ፣ በ1974 መጨረሻ ለአሜሪካ ሕግ ሲባል ፓራውልቱ ወደ ጥቁር ጎማ ተለወጠ፣ መኪናውም አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ተደረገ። በዚህ ምክንያት ጥምዝ ላይ ትንሽ ይጋደላል፤ ገበያውም ባለ ክሮሙን ይመርጣል። ይሁንና መንዳት ብቻ የሚፈልግ ሰው በአነስተኛ ዋጋ ጤነኛ አካል ያለው ባለ ጎማ ፓራውልት ቢገዛ፣ በውድ ዋጋ የተለበጠ ባለ ክሮም ከሚገዛ የተሻለ አደረገ እላለሁ። ጂ ቲው ያለ ኦቨርድራይቭ፣ አካሉ ግን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም ይግዙት፤ ኦቨርድራይቭ ያለው ካምቢዮ በኋላ ሊገጠም ይችላል።

የበርሚንግሃሙ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በነገራችሁኝ መሠረት ተመልሼ ሄጄ መረመርሁት። በሮቹ በክሪክ ሲነሣም አልተለወጡም፤ የኋላው ጎማ ቅስትና የፓራፋንጎው አናት ላይ ማግኔቱ ያዘ። በፋይሉ ውስጥ የ1990ዎቹ የላሜራ ሥራ ደረሰኝ አግኝቻለሁ፤ የግራው ደፍ ፓራፋንጎው ተፈትቶ ሲቀየር የተነሡ ፎቶግራፎችም ተያይዘዋል። በፎቶግራፎቹ ላይ የውስጡ ቁም ላሜራ አዲስ ሆኖ ይታያል። የቀኙ ደፍ ግን ፎቶግራፍ የለውም፣ ከላዩም የማይዝግ ብረት ሽፋን ተለብጦበታል። ባለቤቱ ሲጠየቁ ሽፋኑን የገጠመው ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው እንደሆነ ተናገሩ።

የዘይት ግፊቱ ሲሞቅ 60 ገደማ፣ ቆሞ ሲዞር 20 ነው። የግራሶ ጡቶቹ ንጹሕ ናቸው፤ ባለቤቱ በየክረምቱ ምን እንደሠሩ በእጅ ጽሑፍ የመዘገቡበት ደብተርም አላቸው። ኦቨርድራይቭ አለው፣ ነገር ግን ማብሪያውን ስነካው ምንም አልተለወጠም። በተጨማሪም ጋዝ ለቅቄ መልሼ ስረግጥ ከኋላ በኩል አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እነዚህ ሁለቱ ምን ያህል የሚያሳስቡ ናቸው?

ሰነድ መርማሪዋ፣ ለንደን

ወንድሞች ስለ ብረቱ በሚገባ ተናግረዋል፤ እኔ በኢንሹራንስ ሥራ ላይ ስላለሁ ስለ ወረቀቱ ልጻፍ።

ፋይሉ ወፍራም መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም፤ ተከታታይነት እንዳለው ይመልከቱ። የመንግሥት የምርመራ ታሪክ በታርጋ ቁጥር በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ የሚያሳየው ግን ከ2005 ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን ማይል የሚመሰክረው ባለቤቱ ያስቀመጡት የወረቀት ምስክር ነው። በዚህ መኪና ላይ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ቆጣሪው ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ 78 ሺህ የሚለው 178 ሺህም ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ጥገናው እስከተመዘገበ ድረስ ነውር የለበትም፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ መታሰብ ይኖርበታል።

በሊብሬው ላይ ያለው የአካል ቁጥር ከመኪናው ሰሌዳ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። መኪናው ከአቢንግደን ፋብሪካ መቼ እንደወጣ፣ የመጀመሪያ ቀለሙና የሞተር ቁጥሩ ምን እንደነበር ማወቅ ከፈለጉ በጌይደን የሚገኘው ብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ አውጥቶ በክፍያ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ብዙዎቹ ጂ ቲዎች ወደ አሜሪካ የተላኩ ሲሆኑ ከዚያ ተመልሰው መሪያቸው ወደ ቀኝ የተዛወረላቸው አሉ፤ ወረቀቱ ይህንንም ይገልጻል።

ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነ በታሪካዊ መኪናነት ከተመዘገበ የመንገድ ግብር አይከፈልበትም። ሆኖም ግብሩ ዜሮ ቢሆንም ሲገዙት በስምዎ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከቀድሞው ባለቤት አይተላለፍም። በለንደን የአየር ብክለት ክፍያም አይመለከተውም፤ ወደ መሐል ከተማ ሲገቡ የሚጠየቀው የመጨናነቅ ክፍያ ግን ይመለከተዋል፤ ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ በየጊዜው አያለሁ። ከ2018 ወዲህ ዓመታዊው የደኅንነት ምርመራም ቀርቶለታል። እኔ በግሌ ይህ መብት ለገዢ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ለዓመታት ያልተመረመረ መኪና «ሕጉ አያስገድደኝም» ተብሎ ይሸጣልና። ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆኑ በራስዎ ወጪ ያስመርምሩት፤ ለአንድ መኪና የሚጠየቀው ከፍተኛው ዋጋ 54 ፓውንድ ከ85 ሳንቲም ነው። ገለልተኛ ሰው መኪናውን ከፍ አድርጎ ፍሬኑንና ከሥር ያለውን ብረት ያይልዎታል።

ኢንሹራንሱን ሲገዙ ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚጻፍበትን ዓይነት ይምረጡ። ያለዚያ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው የሚገምተው እንደ ተራ አሮጌ መኪና ነው። ለዚህም ፎቶግራፎችና ያ የእጅ ጽሑፍ ደብተር ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ።

ስለ ነዳጁ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም 2021 ጀምሮ በዚህ አገር ተራው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል አለው፤ ይህም የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ያለሰልሳል፣ እርጥበትም ይስባል። ባለ አምስት በመቶውን ውድ ቤንዚን ይጠቀሙ፤ የነዳጅ ቱቦዎቹ ያረጁ ከሆኑም ከመንዳትዎ በፊት ያስቀይሯቸው፤ ቱቦ ተበስቶ በትኩስ ሞተር ላይ ነዳጅ ሲንጠባጠብ የሚመጣው እሳት ነው።

ወደ አገር ቤት የመውሰዱን ሐሳብ በተመለከተ፣ በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ በዚህ ተስፋ ላይ ተመሥርተው አይግዙት። በሚኖሩበት አገር ለመንዳት የሚገባዎት ከሆነ ብቻ ይግዙት።

ላሜራ ሠሪው

የእኅታችን ምክር እጅግ ጠቃሚ ነው። የምርመራውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን መርማሪው ሽፋን አይፈታም፤ ከሽፋኑ ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ የቀኙ ደፍ ጉዳይ በምርመራው አይፈታም።

ላነሡት ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ኦቨርድራይቭ አለመሥራቱ አያስደንግጥዎ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የተበጠሰ ሽቦ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ማብሪያ ወይም የዘይት ማነስ ነው። ኦቨርድራይቩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ስለሚጋሩ መጀመሪያ መጠኑን ይመልከቱ። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍተው፣ ማርሹን አራተኛ ላይ አድርገው ማብሪያውን ሲነኩ ከሥር ቀጭን ድምፅ ከተሰማ ኤሌክትሪኩ ደርሷል። ካልተሰማ ሽቦውን መከተል ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ኤሌክትሪኩ ደርሶ ካልሠራ ግን ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ መውረድ ስላለባቸው ሥራው ይከብዳል፤ እንደ ከባዱ ቆጥረው ይደራደሩ። የኋላው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ሲበሉ የሚመጣ ነው፤ ርካሽ ናቸው፣ በዚያ ድምፅ ለዓመታት የሚነዱም አሉ። ቸርኬው ባለ ራጂ ስለሆነ ግን ቸርኬው የሚገባበት ጥርስ ተበልቶ እንዳይሆን ጎማውን አስፈትተው ይመልከቱ፤ የጥርሶቹ አናት እንደ መርፌ የሾለ ከሆነ መቀየር አለባቸው፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ለነገ አይባልም።

የቀኙን ደፍ በተመለከተ አቋሜ የጸና ነው፤ ሽፋኑ ሳይነሣ ገንዘብ እንዳይከፍሉ። ባለቤቱ ሐቀኛ ሰው ስለመሆናቸው ደብተራቸው ይመሰክራል፤ ነገር ግን እሳቸውም ራሳቸው ያላዩትን ነገር ሊያረጋግጡልዎ አይችሉም። አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ በጥቂት ቡሎኖች ወይም በሙጫ የተያዘ ነው፤ እርስዎ መልሶ የመግጠሙን ወጪ ለመሸፈን ቃል ቢገቡላቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ሲነሣ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ቆርቆሮው ከፓራፋንጎው ጀርባ ይዘልቃል ወይስ ጠርዙ ላይ ይቆማል? ከሥር ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው ወይስ በብየዳ ተደፍነዋል? በጠመንጃ መፍቻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ ድምፁ ጥርት ያለ ነው ወይስ የታፈነ? ሦስቱም ደኅና ከሆኑ የተጠየቁት ዋጋ ተገቢ ነው፤ ለኦቨርድራይቩ ጥቂት መቶ ፓውንድ አስቀንሰው ይግዙት። ደፉ ጠርዙ ላይ የቆመ ሆኖ ካገኙት ግን የአንድ ጎን ደፍ በሥርዓቱ መቀየር፣ ቀለሙን ጨምሮ፣ ከ2,000 ፓውንድ የሚዘል ሥራ መሆኑን አስበው በዚያው ልክ ዋጋውን ያውርዱ።

የበርሚንግሃሙ (ጠያቂ)

ባለቤቱን በስልክ አነጋግሬያቸው ሽፋኑ እንዲነሣ ያለ ማንገራገር ተስማምተዋል፤ እንዲያውም ከሥሩ ምን እንዳለ እሳቸውም ለማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሽፋኑን አብረን እናነሣለን፤ ከዚያ በቀጥታ በአቅራቢያቸው ወዳለ ጋራዥ ወስደን እናስመረምረዋለን፣ ቀጠሮውንም ይዣለሁ። ጎማዎቹን አስፈትቼ ጥርሶቹን ፎቶግራፍ አነሣለሁ። የደፉንም ፎቶግራፍ ከሦስት አቅጣጫ አንሥቼ እዚሁ ስለማስቀምጥ፣ ላሜራ ሠሪው ወንድሜ ካርዴን ከማውጣቴ በፊት እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

ላሜራ ሠሪው

በደስታ። ፎቶግራፉን ሲያነሡ መብራቱን ከጎን ያብሩት፤ ፊት ለፊት ከበራ የብየዳው መስመር አይታይም። ከተቻለም የፊት ጎማው ተፈትቶ እያለ ከፓራፋንጎው ውስጥ ወደ ኋላ አቅጣጫ አንድ ያንሡልኝ፤ የደፉ ጫፍ የሚታየው ከዚያ ነው።